ሁለቱ ወ/ሩፋኤል

ፈህሚያ ከማሉዲን ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት የወጣች ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ከማሉዲን ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከአያታቸው የወረሱት ሱቅ ነበራቸው፤ ወንድሞቿ ሁሉ እዚያው ጨርቁ ላይ ቀሩ። እሷ ግን ኮምፒውተር ተማረችና ከፒያሳ ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች፣ የሰርግ ካርድ ታትማለች። ኋላ ላይ ደግሞ ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ድረ ገጽ መሥራት ያዘች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቢቀራትም ገና አላገባችም ነበርና እናቷ ዙህራ «ይቺ ልጅ እኮ መስኮት አግብታለች» እያሉ ይስቁባት ነበር። መስኮት የሚሉት የኮምፒውተሩን ፊት ነው።

በ2005 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ወደ ቤቷ መጡ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመዋል፤ ለማኅበሩም ድረ ገጽ ይፈልጋሉ። የተመራቂዎቹን ስም በየዓመተ ምሕረቱ አስጽፈው ይዘው ነበር። እንደተለመደው ስሙ ሁሉ በእዝባር አጥሯል፤ ገ/መድኅን፣ ኃ/ሚካኤል፣ ተ/ሃይማኖት፣ ወ/ገብርኤል።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ተዘርግቶ ከተጻፈ ገጹ ማለቂያም የለው። እንዳጠረ ይቀመጥ» አሏት። «ግን ሙሉ ስሙን ማወቅ የፈለገ ይወቅ። የሕይወት ታሪኩን የላከልን ሰው ደግሞ ስሙን ሲነኩት ታሪኩ ይከፈት። ይሄ ሁሉ ባንድ ቃል ላይ ይሆናል?»

«ይሆናል፣ ጋሼ።»

ሆነም። ያጠረውን ስም በአሕጽሮት ምልክት ከበበችውና ምልክቱ ውስጥ ሙሉውን ስም አኖረች፤ ማውዙ ቃሉ ላይ ሲያርፍ ሙሉው ስም በትንሽ ሳጥን ብቅ ይላል። ያንን ሁሉ ደግሞ በሊንክ ከበበችው፤ ቃሉን ሲጫኑት የሰውየው ገጽ ይከፈታል። ለሊንኩም የራሱን ማስታወሻ አበጀችለት፤ ሰውየው የስንት ዓመተ ምሕረት ተመራቂ እንደሆነ የሚናገር። ስትሞክረው ግን የሚታየው የውስጡ ሳጥን ብቻ ሆነ፤ ስሙ ዓመተ ምሕረቱን ሸፈነው። «ይሁን፣ ዋናው ስሙ ነው» ብላ ተወችው። በስልክ ደግሞ ጭራሽ አልሞከረችውም። ስልክ ማውዝ የለውም፤ ጣት ቃሉን የነካ እንደሆነ ሳጥን የሚባል ነገር ሳይታይ ገጹ በቀጥታ ይከፈታል። ይሄን አታውቅም አይባልም፣ ታውቃለች። ሥራው አምሮባት ስለነበር እዚያ ላይ መቆም አልፈለገችም። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ማውዙን እያንሸራሸሩ እንደ ልጅ ሲደሰቱ አይታ እሷም ተደሰተች።

ኅዳር ሲገባ የሞት ዜና መጣ። ከ1984ቱ ተመራቂዎች አንዱ፣ ወልደ ሩፋኤል አላምረው የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሱዳን ውስጥ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ወረቀቱ ላይ አጠር አድርገው ጽፈው ሰጧት፤ «ወ/ሩፋኤል አላምረው ከሀገር ውጭ በሥራ ላይ ሳሉ በደረሰባቸው ድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም እዚያው ተፈጽሟል። ማኅበሩ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል።» ፎቶ አልነበረም። አማርኛ ሰውን ሲያከብር ወንድና ሴት አይለይም፤ «ሳሉ» እና «ተለይተዋል» ለማንም ይሆናሉ።

ፈህሚያ ገጹን አበጀች። ከዚያ በስም ዝርዝሩ ላይ ሊንኩን ማስገባት ነበረባትና እያንዳንዱን ከመፈለግ ብላ፣ «ወ/ሩፋኤል አላምረው» የሚለው በተገኘበት ሁሉ ሙሉ ስሙንና ሊንኩን በያዘው አዲስ ጽሑፍ እንዲተካ ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ኮምፒውተሩ ሁለት ቦታ ተክቻለሁ አላት። አንድ ነበር የጠበቀችው። ወረድ ብላ ስታይ ሁለተኛው ከ1995 ተመራቂዎች መሃል ነው። የጻፈው ሰው ደግሞት ይሆናል አለች በልቧ። ስልኩ አጠገቧ ነበር፤ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስን ደውላ ልትጠይቃቸው እጇን ሰደደች። ወዲያው ግን የሰርግ ካርድ ያዘዘ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «አላለቀም እንዴ?» አላት። ስልኩን ትታ ተነሣች።

የ1995ቱ ወ/ሩፋኤል ሴት ናት። ወለተሩፋኤል አላምረው፣ ደባርቅ አካባቢ የድብ ባሕር ልጅ፣ ጎንደር ቁስቋም አጠገብ ቤት ተከራይታ የተማረች። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ እናቷ እማማ ይመኙሽ እህል ሸጠው ነው ያስተማሯት። ተምራ ሥራ ስታጣ ሪያድ ሄደች፤ ሰው ቤት ገባች። በዚያን ሰሞን ደግሞ ከሳውዲ ሐበሻው እየተያዘ የሚመለስበት፣ አገሩ ሁሉ ክፉ ወሬ የሚሰማበት ጊዜ ነበር። ቀጣሪዎቿ እንዳትወጣባቸው ፈርተው ስልኳን ቀምተዋት ነበርና ድምጿ ጠፋ።

ወንድሟ የሻው ድብ ባሕር ላይ እህል ይነግዳል። አንድ ማታ የእህቱ የክፍል ጓደኞች ወሬዋን ሰምተው ይሆናል ብሎ የማኅበሩን ድረ ገጽ በስልኩ ከፈተ። ስልኩን ከሪያድ የላከችለት እሷው ናት። ከክፍል ጓደኞቿ መሃል ስሟን አገኘው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ሰማያዊ ሆኗል። በጣቱ ነካው፤ የሞቱ ዜና ተከፈተ።

እስኪነጋ አልጠበቀም፤ ያን ጊዜውኑ ገጹ ግርጌ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለ። ቁጥሩ የፈህሚያ ነበር።

«ሄሎ? ከማኅበሩ ገጽ ላይ ነው ቁጥሩን ያገኘሁት። ወለተሩፋኤል አላምረው... የተጻፈው እውነት ነው?»

ፈህሚያ በአንድ እጇ ማተሚያው ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እየጎተተች ነው። ወለተ ነው ያለው ወይስ ወልደ? ሐሳቡ እንደ ዝንብ ሽው ብሎባት አለፈ።

«አዎ ወንድሜ፣ እውነት ነው። አርፈዋል። ከማኅበሩ ነው የደረሰኝ።»

«ቀብሩስ?»

«እዚያው ነው የተቀበሩት። ነፍስ ይማር።»

በዚያኛው ጫፍ ስልኩ ተዘጋ። ፈህሚያ ወረቀቱን አወጣችውና ሥራዋን ቀጠለች።

የሻው ወሬውን ለጎረቤታቸው ለአያ አስናቀው ነገራቸው። እሳቸውም ከቤተሰቡ የንስሐ አባት ጋር ሆነው ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ እማማ ይመኙሽ ደጅ ሄዱ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌና ቄስ ተያይዘው ሲመጡ ለምን እንደሚመጡ ማንም እናት ታውቃለች። መጪዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ እማማ ይመኙሽ ጮኹ። ፊታቸውን ነጩ፣ ፀጉራቸውን ተላጩ፣ ከል ለበሱ። ድንኳን ተጣለ። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ነውና የወለተሩፋኤል ልብስ መሃል ላይ ተዘርግቶ ተለቀሰበት።

ለቅሶው ተነሥቶ ሰው ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ስልክ ተደወለ። ወለተሩፋኤል ናት። የፍተሻው ጊዜ ረገብ ብሎ ቀጣሪዎቿ ስልኳን መልሰውላታል፤ የመኖሪያ ፈቃዷን ሊያድሱላትም ተስማምተዋል። የሻው ሮጦ ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ አደረገው።

«እማየ፣ እኔ ነኝ። እማየ!»

እማማ ይመኙሽ ጥቂት ሰሙና ስልኩን መለሱለት።

«የሰው ድምፅ ይመሳሰላል» አሉት። «እህል አልቀምስ ስላልኋችሁ፣ ልታጽናኑኝ ብላችሁ ነው። እግዜር ይስጣችሁ። ግን እንዲህ አታርጉ።»

ቢምሉላቸው፣ ቢገዘቱላቸው፣ አያ አስናቀው እግራቸው ላይ ቢወድቁ አላመኑም። ቄስ ያረዳቸውን ሞት በስልክ ሊሽሩት አልፈቀዱም።

የሻው እንደገና ወደ ፈህሚያ ደወለ። «እህቴ በሕይወት አለች» አላት። «ያ የጻፋችሁት ማን ነው?»

ፈህሚያ ገጹን ከፈተችና ማውዙን 1995 ሥር ባለው ስም ላይ አሳረፈችው። ሳጥኑ ብቅ አለ፤ ወልደ ሩፋኤል አላምረው። ያኔ ገባት። ሊንኩን አወጣች፣ ስሙን በሙሉ «ወለተሩፋኤል» ብላ ጻፈችው። ያ ሁሉ ጥፋት ለመታረም የወሰደው ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አያቀዘቅዝም። ይሄው ቅለቱ ነው የባሰ ያቃጠላት።

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ሲሰሙ ደንግጠው መጡ። «ወንድሟ በስልክስ ጠይቆሽ አልነበረም እንዴ?» አሏት።

«መስመሩ ጥሩ አልነበረም፣ ጋሼ። ወልደ ያለ መስሎኝ ነው።»

«አይ፣ የስልክ ነገር!» ብለው ተከዙ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ የሚያውቋት ሁሉ ያችኑ ቃል ይደግሙላት ጀመር፤ አንቺ ምን ታደርጊ። መስመሩ ግን ጥሩ ነበር። ወለተ ሲል ሰምታለች። መስማቷን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

ምግብ ስትተው አባቷ ጠርተው ጠየቋት። የገጹን ስሕተት ነገረቻቸው፤ የስልኩን ግን አልነገረቻቸውም። ሐጂ ከማሉዲን «የአላህን ሐቅ አላህ ይቅር ይላል» አሉ። «የሰውን ሐቅ ግን ይቅር የሚለው ባለቤቱ ነው። እዚህ ተቀምጠሽ ብታለቅሺ ለማን ይደርሳል? ሂጂ።»

በማግስቱ የደባርቁ መንገድ አውቶቡስ ላይ ወጣች። የሻው ድብ ባሕር ላይ ጠብቆ ተቀበላት፤ ፊቱ ሰላምም ቁጣም የለበትም። እናቱ ቤት ሲገቡ እማማ ይመኙሽ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የተላጨው ራሳቸው በጥቁር ሻሽ ታስሯል፤ ጉንጫቸው ላይ የጥፍር ሰንበሩ ገና አልጠፋም።

«ማን ናት?»

«ያንን ገጽ የሠራችው ልጅ ናት፤ ከጎንደር» አለ የሻው።

ፈህሚያ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት።

«እማማ፣ ልጅዎ አለች። ስሕተቱ የኔ ነው። የሌላ ሰው ሞት በእሷ ስም ላይ ያያያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ልጀን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም፣ እማማ።»

«አይተሻትስ ታውቂያለሽ?»

«አላየኋትም።»

«ታዲያ ሞተች ያልሽው በምን አውቀሽ ነው?»

ፈህሚያ ቀና ብላ የሻውን አየችው።

«አሁንስ አለች የምትይኝ በምን አውቀሽ ነው?» እማማ ይመኙሽ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ምነው ልጀ፣ ሰው እኮ የበቅሎ ሞት እንኳ አይቶ ነው የሚያወራ።»

ፈህሚያ ልትነሣ ስትል እማማ ይመኙሽ ወደ ጓዳ ዘወር ብለው፣ «ከሩቅ ነው የመጣች፤ እህል ስጧት» አሉ። ወደ እሷም ተመልሰው፣ «የጾም ነው፣ ሥጋ የለበትም። ለናንተም ይሆናል፤ ቅመሽ» አሏት። ቢሰድቧት በወደደች። ሽሮውን በእንባ ጎረሰችው።

የመልሱን መኪና ለመጠበቅ ከየሻው ጋር መንገድ ዳር ቆሙ። ነፋሱ ከደጋው ይወርዳል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ያን ለት ስትደውልልኝ ወለተ ማለትህን ሰምቻለሁ። መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር። ልጠይቅህ ይገባ ነበር፤ ሥራ ይዤ ነበርና ተውኩት።»

የሻው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«እኔስ?» አለ። «የማን ልጅ፣ የት ሀገር፣ ብየ ጠየቅሁሽ? ወሬውን ብቻየን ይዤ መቆየት አቃተኝ። ላያ አስናቀው ነግሬ ሸክሙን ላወርድ ነው የተጣደፍኩት። ጥቂት ቀን ብታገሥ ኖሮ እናቴ ፊቷን አትነጭም ነበር።» ከዚያ ዞር ብሎ አያት። «ይሄን ያልኩሽ ግን እንዲቀልልሽ አይደለም። የኔ የኔ ነው፤ ያንቺም ያንቺ።»

መኪናው መጣ። ተሰናብታው ገባች።

ወለተሩፋኤል ነገሩን በስልክ ስትሰማ፣ እናቷም «ድምፅ አላምንም» እንዳሉ ስታውቅ፣ የፈቃዷን መታደስ አልጠበቀችም። ከቀጣሪዎቿ ቤት ወጥታ ወደ ሀገር የሚመለሱት ወደሚሰበሰቡበት ቦታ በገዛ እግሯ ሄደች። ሁለት ዓመት ቆይታ ደባርቅ ላይ ቤት ልሠራ ብላ የነበረው ሐሳብ እዚያው ቀረ። የቀረ ደመወዟንም አልጠየቀችም። በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ጎንደር፣ ከዚያ ድብ ባሕር። ደጁ ላይ ስትደርስ እማማ ይመኙሽ በመጀመሪያ አላቀፏትም። አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯት፤ በልጅነቷ በሬ የወጋት ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ነው ያቀፏት። ከሉን የዚያኑ ለት አወለቁ። ፀጉራቸው ግን ሲያድግ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ይሄን ሁሉ ለፈህሚያ የነገራት የሻው ነው፤ በስልክ፣ ባጭሩ። አላህን አመሰገነች፤ ነገር ግን ያ ውስጧ የተቀመጠው ነገር አልተነቀነቀም።

የጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲጨናነቅ፣ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ከቀሐ በተመለሱ ማግስት አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ወደ ፈህሚያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ። ማን እንደሆነች ሳትነግራት ፈህሚያ አወቀቻትና ከወንበሯ ተነሣች።

«ወለተሩፋኤል ነኝ። ገጹን አሳይኝ።»

ፈህሚያ ከፈተችላት። ስሙ አሁን እዝባር የለውም፣ ሊንክም የለውም፤ ከጓደኞቿ መሃል በሙሉ ተጽፎ ጥቁር ሆኖ ተቀምጧል። ወለተሩፋኤል ጠጋ ብላ ጣቷን የኮምፒውተሩ ፊት ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ሲነካው ነው የሞትኩት?»

«እዚያ ጋ ነው።»

«አውጪው።»

«ተስተካክሏል እኮ። አሁን ምንም...»

«አውጪው አልኩሽ። ድጋሚ ማንም እዚያ እንዲፈልገኝ አልሻም።»

ፈህሚያ እያየቻት ስሙን አጠፋችው። ከላዩና ከሥሩ ያሉት ስሞች ተጠጋግተው ክፍተቱን ሞሉት። ወለተሩፋኤል መጥፋቱን ካየች በኋላ ነጠላዋን አስተካከለች።

«መስማትሽንም ወንድሜ ነግሮኛል» አለች።

«ይቅር በይኝ» አለች ፈህሚያ።

«እናቴ ልጇን አግኝታለች፤ ይቅር ብላሻለች። መርቃሽማለች። እኔ ግን ገና ነኝ። ውሸት አልነግርሽም፤ የመጣልኝ ለት እነግርሻለሁ።»

ወጣች። ፈህሚያ በሩን ዘግታ አለቀሰች። የዚያኑ ዕለት ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄዳ መስመሩ ጥሩ እንደነበር ነገረቻቸው። አዛውንቱም ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡት። አልከፋትም። እንዲያውም ያን ሌሊት ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ፈህሚያ ኋላ አገባች፣ ልጅም ወለደች፣ የጽሕፈት ሥራዋንም አሰፋችው። በየዓመቱ ለእማማ ይመኙሽ የቀሚስ ጨርቅ ከአባቷ ሱቅ መርጣ ትልክላቸዋለች፤ እሳቸውም በየሻው በኩል ምርቃት ይልኩላታል። ከወለተሩፋኤል ግን ቃል አልመጣም።

በ2009 ዓ.ም. ለባሏ ዘመዶች ሰርግ ደባርቅ ሄዳ ስትመለስ ሚኒባሱ መንገደኛ ሊጭን እዚያው የከተማው ገበያ ዳር ቆመ። በመስኮቱ ስታይ ወለተሩፋኤል አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ቆማ በርበሬ ትመዝናለች። ወፍራለች፤ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። ፈህሚያ እጇ በሩን ሊከፍት ተነሣና ቆመ። ምን ልትላት ነው? «የመጣልኝ ለት» ያለችው ሴት ቀኑን ራሷ ነው የምትቆርጠው።

ወለተሩፋኤል ቀና አለች። ዐይን ለዐይን ተያዩ። አወቀቻት። ራሷን ትንሽ ዝቅ አደረገች፤ ሰላምታ ይሁን ወይ ወደ ሚዛኗ መመለሷ፣ ፈህሚያ መለየት አልቻለችም። ረዳቱ «ሳበው!» አለ፤ ሚኒባሱም ወደ ጎንደር ተንቀሳቀሰ።